የፈትል ፋብሪካው መውጫ

ጥቅምት 9 ቀን

ለወንድሜ ለሸምበቆ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጋሼህም ደህና ነው፤ ከሹፌርነት ጡረታ ወጥቶ የሚነዳው መኪና ቢያጣ እኔን ሚስቱን መንዳት ጀምሯል፤ «ይህን አንሺ፣ ያንን አስቀምጪ» ሲል ይውላል። ልጄም ደህና ናት፤ ተማሪዎቿ ሲያስጮኋት ውለው ድምጿ ተዘግቶ ትመጣለች።

ስልክ ስትደውል አላነሳሽም ብለህ አትቀየመኝ። ማንሳቱንስ አነሳለሁ፤ ግን ጆሮዬን የንብ ቀፎ ውስጥ የከተትኩ ነው የሚመስለኝ። ያ ሁሉ ማሽን ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ከዚህ በላይ ምን ይሁን? ስለዚህ ጻፍልኝ፣ እጽፍልሃለሁ።

በሙዚየሙ ንድፍ የእናንተ መሥሪያ ቤት እንዲወዳደር መጠራቱን ስሰማ ደስታዬን አልደብቅህም። እኔ የሠራሁበትን ፋብሪካ፣ ያሳደግኩህ ወንድሜ ሙዚየም ሊያደርገው! ጋሼህ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ጣሪያው አዎ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። በአንድ በኩል ቆርቆሮ፣ በሌላው በኩል መስታወት። ጠዋት ብርሃኑ ከላይ ወርዶ የጥጡ ብናኝ ላይ ሲያርፍ አየሩ ሁሉ ነጭ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ የምናስበው ሳላችንን እንጂ ውበቱን አልነበረም። አንተ ስትጠይቀኝ ነው ያምር እንደነበር የታወቀኝ።

«ማታ እንዴት ነበር የምትወጡት?» ላልከው፣ ከማሽኑ አዳራሽ ወደ ዋናው በር የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ ነበረች። ግራና ቀኙ የእንጨት ግድግዳ፣ ከላይ አንድ አምፖል። ፊሽካው ሲነፋ እንሰለፍና አንድ በአንድ እንገባለን። መጨረሻው ላይ ፈታሿ ቆማለች። ክር ሰርቀን እንዳንወጣ ነው። ሻሽ ይፈታል፣ ፀጉር ይዳሰሳል፣ እጅ ወደ ላይ፣ ጡት ሥር፣ ወገብ። ወንዶቹን ኪሳቸውን ብቻ ነበር። ተለመደ፤ እንዲያውም እጃችንን ሰቅለን ወሬያችንን እንቀጥል ነበር።

አንድ ቀን ግን የወር አበባዬ መጥቶ ነበር። ፈታሿ እጇ ጨርቁ ላይ አረፈና «ይህ ምንድን ነው?» አለች። በጆሮዋ ነገርኳት። አለቃችን ፎርማኑ ከኋላዋ ቆሟል። «አውጥታ ታሳይ» አለ። ከኋላዬ ሰልፉ ሙሉ ነው። አወጣሁት። ሰውዬው ፊቱን እንኳን ዞር አላደረገም። ክር አልነበረም። «እለፊ» አለኝ፤ አለፍኩ። ቤት ስገባ አንተ የቤት ሥራህን እየሠራህ «ለምን ቆየሽ?» አልከኝ። «ማሽን ተበላሽቶ» አልኩህ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጋሼህም አያውቅም። ለአንተ ለምን እንደጻፍኩት እንጃ፤ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ሰው በየት እንደሚገባ አይደል የሚያስበው? መውጫው ምን አስጨነቀህ?

እህትህ


ኅዳር 20 ቀን

ውድ እታለም፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ቢሮ ማደር ቀርቶኝ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ጢሜ ሲያድግ ነው ቀኑ መሄዱን የማውቀው።

«ዳኞቹ ምን አሉ?» ላልሽው መልሱ ይኸውልሽ፦ የእኛ ንድፍ አለፈ! አንደኛ ወጣን። አለቃዬ ሰው ፊት አቀፈኝ። እሱ ሰው አያቅፍም።

በደንብ ላስረዳሽ። አሮጌውን አዳራሽ አላፈርሰውም። የመጋዝ ጥርሱ ጣሪያ እንዳለ ይቆያል፤ መስታወቱ ብቻ ይታደሳል። ከጎኑ አዲሱ ሕንፃ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ጥሬ ኮንክሪት ነው፤ አሮጌውን እንዳይጋርደው ግማሹ መሬት ውስጥ ይገባል። ጎብኚው ከመንገድ ተነስቶ ዘንበል ባለ መንገድ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋም፣ ጉልበቱን የሚያመውም ሰው እኩል ይሄዳል። ታች ሲደርስ ጨለም ይላል። ከዚያ ወደ ማሽኑ አዳራሽ ብቅ ሲል አንቺ የነገርሽኝ ብርሃን ከላይ ይወርድበታል። ሞዴሉን ስንሠራ ጣሪያውን ከካርቶን ቆርጬ በባትሪ አበራሁበትና ብቻዬን ሳቅኩ።

የመውጫውን ነገር አሁን አልነግርሽም። ስታዪው ይሻላል። የሙዚየሙ ልብ እሱ ነው ብለዋል። ከዳኞቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ።

ንድፉ በመጪው ወር በእናንተ ከተማ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕዝብ ይታያል። ጋሼንም ልጅሽንም ይዘሽ ሂጂ። እኔ መምጣት አልቻልኩም፤ የሚመጣው አለቃዬ ነው፤ እኔ ዝርዝር ፕላኑን እንድጨርስ ታዝዣለሁ። ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

የነገርሽኝ ሁሉ ጠቅሞኛል፣ እታለም። ሁሉም።

ሸምበቆሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለወንድሜ፣

ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ሁለቱም። በመዘግየቴ ይቅርታ።

«አየሽው? እንዴት ነበር?» ብለሃል። አየሁት። ሞዴሉ ያምራል። ሰው ብዙ ነበር። አለቃህ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

እዚህ ብርድ ገብቷል። የጓሮው አሸንዳ ተነቅሎ ጋሼህ መሰላል ላይ ወጣና ወገቡን አመመው፤ ተኝቷል። ብዙም አይናገርም። ልጄ ከመጣች ሰነበተች፤ ሥራ በዝቶባታል። እኔ ዳቦ የምገዛበትን ሱቅ ቀይሬያለሁ። አዲሱ ይርቃል፤ መራመድ ግን ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ስለ ፋብሪካው ከእንግዲህ አትጠይቀኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ውድ እታለም፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሸምበቆ አላልሽኝም። ልጅሽ ጋ ስደውል አታነሳም፤ መልእክት ብልክላት «ሥራ ላይ ነኝ» ብቻ ነው መልሷ። ጋሼ ዘንድ ደወልኩ፣ «ደህና ነን» አለኝና ዘጋው።

ኤግዚቢሽኑ ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ከሆነ ያስቀየመሽ፣ ስምሽን የትም አልጻፍኩም። «የንድፉ ባለሙያ እህት» የሚለውን ያስገባው አለቃዬ ነው፤ እኔ «አንዲት ሠራተኛ» ነበር ያልኩት። ደግሞስ፣ እታለም፣ ዓላማዬ ላከብርሽ ነበር። መውጫውን ያንን መተላለፊያችሁን አስመስዬ ነው የነደፍኩት፤ በዚያ ኮሪደር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ምን እንደደረሰባችሁ በገዛ ገላው እንዲያውቀው ነው ያሰብኩት። ግድግዳው እየጠበበ ይሄዳል፣ ከላይ አንድ መብራት ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። እዚህ ያዩት ሁሉ ድምፃቸው ይጠፋል። ስለ አንቺ በምን ዓይነት አክብሮት እንደሚያወሩ ብትሰሚ!

እባክሽ ዝም አትበዪኝ። ቁጣም ከሆነ ጻፊልኝ። ምን ሆነ?

ወንድምሽ


ጥር 18 ቀን

ለወንድሜ፣

ምን ሆነ ብለሃል። እሺ፣ ልንገርህ።

የክት ቀሚሴን ለብሼ ነው የሄድኩት። ጋሼህ ጫማውን በገዛ እጁ አጸዳ። ልጄ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ግማሹ ከእኔ ጋር የሠራ ሰው ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ወንድምሽ አኮራን» እያሉ ሲያቅፉኝ ቁመቴ የጨመረ ነው የመሰለኝ። ሞዴሉን አየነው። ጋሼህ ጎንበስ ብሎ መኪና በየት እንደሚገባ ሲፈልግ ሁሉም ሳቀበት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ትልቁ ሰሌዳ ጋ ደረስን። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። «አንብቢልኝ» አልኳት ልጄን። አስተማሪ አይደለች? ድምጿ ክፍል ሙሉ ተማሪ የለመደ ነው። ደግሞ ለእኔ ጆሮ ነው የምታነበው። ጮክ ብላ ጀመረች፦ «የንድፉ ባለሙያ እህት በዚህ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራለች። በየቀኑ በዚህ ኮሪደር ታልፍ ነበር። አንድ ቀን በወር አበባዋ ጊዜ፣ ሰልፉ ሁሉ እያያት፣ ጨርቁን አውጥታ እንድታሳይ...»

እዚያ ላይ አፏ ተያዘ።

ዞር ብላ አየችኝ። ጋሼህ አየኝ። አዳራሹ በሙሉ አየኝ፤ በዚያ ድምፅ ተነቦ ያልሰማ የለማ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። እኔ አንድ አንተን ነው ያለኝ፣ አንተም አንድ እኔን። በዚህ ከተማ «የንድፉ ባለሙያ እህት» ማለትና ስሜን በቀይ ቀለም መጻፍ ምን ልዩነት አለው?

አለቃህ ሮጦ መጣ። «እርስዎ ነዎት? ታላቅ ክብር ነው» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። እስከዚያ ድረስ የተጠራጠረም ሰው ቢኖር ያን ጊዜ አረጋገጠ።

አዳራሹ መሃል ደግሞ ኮሪደሩን በኮምፔንሳቶ ልክ በልኩ ሠርታችሁታል፣ ሰው እያለፈ እንዲሞክረው። ወጣቶች ተሰልፈውበት ነበር። አንዱ ጫፉ ላይ ይቆምና «እጅ ወደ ላይ! ምን ደብቀሻል?» ይላል፣ ሌላዋ እጇን ሰቅላ ትንከተከታለች። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ናቸው። ቦታው ራሱ ነው ኑ ተጫወቱብኝ ያላቸው። አንተ ድምፃቸው ይጠፋል ብለሃል። እዚህ አልጠፋም።

በጓሮ በር ወጣሁ።

ጋሼህ ተከትሎኝ ወጣ። ቤት ገብተን ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ደጅ ቆሜ ነበር» አለ። ያኔ ገና ሳንጋባ መኪናውን ዋናው በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ታውቃለህ። «አንቺ እዚያ ውስጥ፣ እኔ ደጅ ቆሜ ሲጋራ አጨስ ነበር። ፊትሽ ጠቁሮ ስትወጪ ደክሟታል እል ነበር።» ይኸውልህ፣ አሁን የሚያፍረው እሱ ሆነ። የወገቡ ነገር ሰበብ ነው፤ ከአልጋ ያልተነሳው ፊቴን ማየት ከብዶት ነው። ልጄም ሥራ በዝቶባት አይደለም የቀረችው። በገዛ አፏ ማንበቧ ገደላት። አንድ ቀን መጥታ በር ላይ እንደቆመች «እማ፣ ድምፄን ጠላሁት» ብላኝ ሄደች።

ዳቦ ቤቱንም የቀየርኩት ለጉልበቴ ብዬ አይደለም። ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ያዝኑልኛል። እኔ ደግሞ ከተማ ሙሉ ሰው ሲያዝንልኝ መሄጃ ያጣሁ ሰው ነኝ።

አንድ ሰው ብቻ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ፈታሿ። ከገበያው ጀርባ ነው የምትኖረው፤ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር እንጂ ቤቴ ገብታ አታውቅም። ዱላ ይዛለች፣ አርጅታለች። ወንበር ሰጠኋት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድምሽ ስሜን አልጻፈውም» አለችኝ።

«አልጻፈውም።»

«የልጅ ልጄ ግን ከኤግዚቢሽኑ ስንመለስ ‹አያቴ፣ አንቺ ፋብሪካው ውስጥ ምን ነበርሽ?› አለችኝ። ‹ማሽን ላይ› አልኳት።»

ሻይ ቀዳሁላት። አልነካችውም።

«እናንተ ከወጣችሁ በኋላ እኔን ማን ይፈትሸኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለች።

አላውቅም ነበር። አስቤውም አላውቅም።

«ፎርማኑ» አለች።

ዱላዋን ይዛ ተነሳች። ስትወጣ ደጋፊ ሆኜ እስከ መንገድ ሸኘኋት። ክንዷን ስይዛት ሰውነቷ ሲሸማቀቅ ታወቀኝ።

የሆነው ይህ ነው። «እህት» የሚለውን አለቃዬ ነው ያስገባው ብለሃል። ይሁን፣ አምኜሃለሁ።

እህትህ


ጥር 29 ቀን

እታለም፣

አትመኚኝ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አልነግርሽም። «አንዲት ሠራተኛ» ብዬ ጽፌው ነበር፣ እውነት ነው። ሳነበው ቀዘቀዘብኝ። ሰርዤ «የንድፉ ባለሙያ እህት» አልኩ፤ ወዲያው ሞቀ። ዳኞቹ እንደሚነኩ ገብቶኛል። አለቃዬ እንዲያውም ጠይቆኝ ነበር። «እህትህ ተስማምታለች?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ዓይኔን ሳላሽ። ኤግዚቢሽኑ ላይም ያልመጣሁት ፕላን በዝቶብኝ አይደለም። ስታነቢው ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው። ስለዚህ እያወቅኩት ነበር ማለት ነው። ሳላውቅ ነው እንዳልል ራሴ ምስክር ነኝ።

የጋሼን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ሰው ፊት መቀመጥ አቅቶኛል። ልጅሽን በገዛ አፏ እናቷን እንድታዋርድ አደረግኋት። እዚህ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ ያደርጋሉ፣ ስለ ድሉ። በመቱኝ ቁጥር ወንበሬ ውስጥ እሰምጣለሁ።

አለቃዬ ጋ ገብቼ ጽሑፉ ይነሳ አልኩት። «ለምን?» አለኝ። «እህቴ ከብዷታል» አልኩ። አሁንም አልፈቀደችም ነበር ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ጥሩ ሰው ነው፤ ወዲያው «ጽሑፉን እናነሳዋለን» አለ። «ኮሪደሩ ግን ራሱ ንድፉ ነው። እሱ ከወጣ የቀረን የታደሰ መጋዘን ነው» አለኝ። መጋቢት ላይ የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ ሰብስቦ ንድፉን ሊያጸድቅ ነው፤ ጊዜም የለንም አለ።

ይቅርታ ብዬ ልጨርሰው አልችልም፤ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። ምን ላድርግ? የምትዪኝን አደርጋለሁ። ልምጣ?

ወንድምሽ


የካቲት 10 ቀን

ለወንድሜ፣

አነበብኩት። የምሰድብህ ስድብ ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ። ደህና አድርጌ ነው ያሳደግኩህ መሰለኝ፤ ስድብ አላስተማርኩህም፣ እኔም ረሳሁት።

ምን ላድርግ ብለሃል። ጽሑፉን ማንሳት አይበቃም። ኮሪደሩን አትሥራው። እኔ በዚያ ያለፍኩት ወጥቼ ዳቦ መግዛት ስለነበረብኝ ነው። አንተ የምታሳልፈው ሰው ደግሞ ትኬት ቆርጦ፣ ትንሽ ደንግጦ፣ ወጥቶ ፎቶ ሊነሳ ነው። ያ ለእኔ ምኔ ነው? ይወቁልኝ ብዬ ማንን ለመንኩ? ፋብሪካው ውስጥ እኮ ሌላም ነገር ነበር። ማሽኑ ሲጮህ በምልክት እንቀላለድ ነበር፤ ድምፅ ስለማይሰማ በእጃችን የምናወራው ቋንቋ ነበረን፤ ፎርማኑን በእጃችን ስንሰድበው እሱ ሰላምታ ይመስለው ነበር። አንተ ግን አንዱን ቀን መርጠህ የሙዚየሙ ልብ አደረግኸው። ልቤ እሱ አይደለም።

ለአለቃህም እውነቱን ንገረው። ሰውዬው እጄን የያዘኝ በአንተ ውሸት ነው።

አትምጣ። ገና ነው።

እህትህ


መጋቢት 6 ቀን

እታለም፣

«ነገርከው ወይ?» ላልሽው፣ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እጇን ይዤ አመሰገንኳት እኮ» አለ።

ያለ ኮሪደሩ አዲስ ንድፍ ሠርቼ ይዤለት ገባሁ። አየው። «ይህ ጥሩ ነው ማለት አልችልም፣ መጥፎም አይደለም» አለ። ሰነዱ ግን ለምክር ቤቱ ገብቷል፣ አሁን መቀየር አንደኛ ያወጣንን ነገር ራሳችን መካድ ነው ሲል ወሰነ። ጽሑፉ የለም፤ ኮሪደሩ ግን እንዳለ ይቀርባል። እኔን ከሙዚየሙ ሥራ አወጣኝ።

ይህ ሁሉ የሚገባኝ ነው። የማይገባኝን ልንገርሽ። ማክሰኞ ሁላችንንም ሰብስቦ «ኮሪደሩ ላይ ተቃውሞ ያለው አለ?» አለና እኔን አየኝ። በር ከፈተልኝ ማለት ነው። ከጎኔ ያለችው ልጅ ሳይቀር ዞራ አየችኝ። እታለም፣ ዝም አልኩ። ሥራዬን አሰብኩ፣ ስሜን አሰብኩ፣ ሌላ ቢሮ ማን ይቀጥረኛል አልኩ። እርሳሴን አይ ነበር። «እንግዲያው ተስማምተናል» አለ። አሁን ለአንድ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ እየነደፍኩ ነው።

የምክር ቤቱ ስብሰባ መጋቢት 20 ቀን ነው። እንድትሄጂ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። ሳልነግርሽ ብቀር ሌላ መደበቅ ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 24 ቀን

ለሸምበቆ፣

«ሄድሽ ወይ?» ብለህ በቴሌግራም ለልጄ ልከሃል። አሳየችኝ። አዎ፣ ሄድኩ።

ልሄድ አላሰብኩም ነበር። ጠዋት ጋሼህ ተነስቶ ጢሙን ተላጨ። «የት ልትሄድ ነው?» አልኩት። «ያኔ ደጅ ቆሜ ቀረሁ፤ ዛሬ ግን እገባለሁ» አለኝ። እሱን ብቻውን እንዴት እልከዋለሁ? የአዘቦት ቀሚሴን እንደለበስኩ ተከተልኩት። መንገድ ላይ ፈታሿ ደጅ ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ። አንኳኳሁ። የልጅ ልጇ ከፈተችልን። አሮጊቷ ወዴት እንደምንሄድ ስነግራት «እኔ ምን ልሠራ?» አለች፤ ዱላዋን ግን አንስታለች።

አለቃህ በስክሪን እያሳየ አስረዳ። ጣሪያውን፣ መውረጃውን፣ ብርሃኑን። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራል። ጎበዝ ነህ። ከዚያ ኮሪደሩ መጣ። «ጎብኚው የሠራተኞቹን ውርደት በገላው እንዲሰማው ነው» አለ። ልጄ በጆሮዬ ደገመችልኝ። አዎ፣ መጥታለች፤ ከኋላ ቆማ አግኝቻት ጎኔ ተቀመጠች።

እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው «እናት፣ ማን ልበል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰሌዳው ላይ የነበረችው።»

ጆሮዬ ስለማይሰማ ድምፄ ምን ያህል እንደወጣ አልታወቀኝም። ጋሼህ በኋላ «እስከ መናኸሪያው ድረስ ተሰማሽ» አለኝ። አለቃህ ከመድረክ ወርዶ ፊቴ ቆመ። ፊቱ ቀልቷል።

«እናቴ፣ እኔ ያሰብኩት ሰው እንዲረዳዎት ነበር» አለ።

«እንዲረዱልኝ አልጠየቅኩም» አልኩት። «እኔ በዚያ በር መውጣት ነው የፈለግኩት። ያን ጊዜም የፈለግኩት እሱን ነው። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቻችንን እጃችሁን ስቀሉ ልትሏቸው ነው?»

ተቀመጥኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። ፈታሿ ተነሳች። ለመነሳት ራሱ ጊዜ ወሰደባት፤ የልጅ ልጇ ክንዷን ይዛለች።

«የምፈትሸው እኔ ነበርኩ» አለች።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። እጇን ግን አልለቀቀችም። አየሁ፤ ያን ዓይቼ ነው እንባዬ የመጣው።

«ማሽን ላይ አልነበርኩም» አለች አሮጊቷ፤ ለምክር ቤቱ ሳይሆን ለልጅቷ ነበር የምትናገረው። ከዚያ ወደ አለቃህ ዞረች። «እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳ አታቁሙ። ሰፊ አድርጉት። ሰው ጎን ለጎን ሆኖ፣ እያወራ ይውጣ። እኔ ሰው ጎን ለጎን ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

ከኋላ አንዷ አጨበጨበች፣ ማንም አልተከተላትም። ጭብጨባ የሚሆን ነገር አልነበረም። ምክር ቤቱ ንድፉን መለሰው፤ ኮሪደሩ ወጥቶ፣ መውጫው ሰፍቶ እንደገና ይቅረብ ተባለ። አለቃህ ሲጨርስ መጥቶ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እጄን አልያዘም። «ይቅርታ» አለኝ። «ወንድምዎን ወደ ሥራው ልመልሰው?» አለ። «የእርስዎ ቢሮ ነው፤ እኔ አላስወጣሁትም፣ አልመልሰውምም» አልኩት። ቢመልስህም ባይመልስህም በእኔ አታመካኝ።

እፎይ አልኩ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆናል። በማግሥቱ ወደ ድሮው ዳቦ ቤት ተነስቼ ግማሽ መንገድ ደርሼ ተመለስኩ። ፈታሿም ከዚያን ቀን ወዲህ አልታየችም፤ የልጅ ልጇ ግን ትናንት በሬ ላይ አልፋ ሰላም አለችኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ።

ቢሮህ ስብሰባ ላይ ዝም አልኩ ብለህ የጻፍከውን ደግሞ አልደብቅህም፣ አሳፈርከኝ። ለካ ከሰሌዳው ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ። ሰሌዳውን ስትጽፍ ልጅነት ነው፣ ችኮላ ነው እል ነበር። ስለ ዝምታህ ግን ምንም የምልልህ አጣሁ፤ ምክንያቱም እኔም ያን ቀን «አላወጣም» ማለት እችል እንደነበር ስንት ዓመት ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። የእኔና የአንተ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ አይደለም። ግን ስትነግረኝ ያንን ዝምታ አውቄዋለሁ።

ጋሼህ «ይምጣ» ብሏል። የሚልህ ነገር አለው። ልጄ ገና ይምጣ አላለችም፤ አታስቸኩላት፣ ደውለህም አታስጨንቃት። እኔ ግን ና ብያለሁ። ስትመጣ ፕላን ይዘህ አትምጣ፣ ምንም አታስረዳኝ። ፊት ለፊቴ ተቀመጥ። አፍረህ ከሆነ የምትመጣው፣ ማፈርህን ደጅ አታስቀምጠው፤ ይዘኸው ግባ። እኔም አለኝ፣ ጋሼህም አለው። አብረን እንፈር።

እህትህ